በጋይንት ቤተልሔም የተገኘው መጽሐፍና የሐሰት ነገር

ከጉና ተራራ በስተ ምሥራቅ የተዘረጋው፣ ከስማዳና ከእስቴ ጋር የሚዋሰነው የጋይንት አገር በሊቃውንት ዘንድ ስሙ የሚነሣው ከሁሉ አስቀድሞ በቤተልሔም ምክንያት ነው። የድጓ ተማሪ ዜማውን በየትም ደብር ቢያጠና፣ መምህር ለመባል የሚያበቃውን ምስክርነት የሚቀበለው ከቤተልሔም እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ሕንጻውም የራሱ ታሪክ አለው። ከውጭ ለሚያየው እንደ ሌሎቹ የበጌምድር አብያተ ክርስቲያናት ክብ ነው፤ በውስጡ ግን ከድንጋይና ከእንጨት የተሠራ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ይዟል። እንግሊዛዊው ቶማስ ፓከንሃም በ1955 ይህን አይቶ እንደ ታላቅ ግኝት ጻፈ፤ ለደብሩ ካህናት ግን ዘወትር የሚቀድሱበት ቤት ስለ ሆነ ምንም የተሰወረ ነገር አልነበረበትም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በዚሁ ደብር አገር በ19ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ገደማ አንድ የኢጣልያ መነኩሴ ተቀምጠው ነበር። የምንኵስና ስማቸው አባ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው፤ የልጅነት ስማቸው ጆቫኒ ያኮፖ ኮርቶፓሲ ይባል ነበር። በ1814 በሉካ አውራጃ ተወልደው፣ በካፑቺን ማኅበር መንኵሰው፣ በ1846 ከአቡነ ማስያስ ጋር ለስብከት ጕዞ ወደ ኢትዮጵያ ከተላኩት አንዱ ሆኑ። ራስ ዐሊ በደብረ ታቦር በነበሩበት ዘመን ወደ ጋይንት መጥተው በቤተልሔም ተቀመጡ፤ ከደብተሮቹ ጋር ግዕዝ ተማሩ፤ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አዘጋጁ፤ በፓሪስ ለሚኖረው ለአንቷን ዳባዲም መጻሕፍትን እያስገለበጡና እየገዙ ይልኩለት ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡበት ዓመት፣ በ1855፣ ከአገር እንዲወጡ ተደረገ፤ በማግሥቱ ዓመትም በካርቱም ሞቱ።

ከላኳቸው መጻሕፍት አንዱ የዘርዐ ያዕቆብ ሐተታ ነው። በ1853 አንድ ቅጂ ላኩ፤ ኋላም የደቀ መዝሙሩን የወልደ ሕይወትን ሐተታ ጨምሮ የያዘ ሌላ ቅጂ ወደ ዳባዲ እጅ ገባ። ሁለቱም ዛሬ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት በ234 እና በ215 ቍጥር ተመዝግበው ይገኛሉ። በ1904 ቱራዬቭ በፒተርስበርግ፣ ሊትማንም በጀርመን አገር መጽሐፉን ለሊቃውንት አወጡት፤ ከአፍሪቃ ምድር እንዲህ ያለ በአእምሮ ብርሃን ሁሉን የሚመረምር ድርሰት በመገኘቱም ብዙዎች ተደነቁ። በ1920 ግን ኢጣልያዊው ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ፣ ዘርዐ ያዕቆብ የሚባል ፈላስፋ አልነበረም፤ መጽሐፉን የደረሱት አባ ጁስቶ ራሳቸው ናቸው ሲል ጻፈ። በ1934 ዖይገን ሚትቮኽ ይህንኑ ደገፈ። በእኛ ዘመን ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን ክሎድ ሰምነር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሳሉ የሐተታዎቹን አሳብና የአነጋገር ስልት እየመረመሩ መጽሐፉ የኢትዮጵያዊ መሆኑን ተከራከሩ፤ በ2013 ፈረንሳዊቱ አናይስ ቪዮን የአባ ጁስቶን ደብዳቤዎች መርምራ ክሱን እንደገና አነሣች፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ደግሞ በ2017 የቀድሞ ጥርጣሬያቸውን ትተው መጽሐፉ በመሠረቱ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው አሉ። ክርክሩ አልተዘጋም።

በውጭ አገር ተማሪ በነበርሁበት ጊዜ ስለዚሁ ነገር በተደረገ አንድ ውይይት መምህራችን፣ «እንግዲህ መነኩሴው ዋሽቷል ወይስ አልዋሸም?» ብለው ጠየቁን። ሁላችንም አዎን ወይም አይደለም ለማለት ቸኰልን። እኔ ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት ቆይቼ የተረዳሁት ነገር፣ በዚህ ጥያቄ ውስጥ ሁለት ጥያቄዎች ተሸምነው እንዳሉ ነው። አንደኛው መጽሐፉን ማን ጻፈው የሚለው የታሪክ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው፣ ጻፈው የተባለው ሰው ሐሰት ሠርቷልን የሚለው የግብረ ገብ ጥያቄ ነው። ተከራካሪዎቹ ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ለአንደኛው ማስረጃ አድርገው ያቀርቡታል፤ አንዱ ወገን «እንዲህ ያለ የእግዚአብሔር ሰው አይዋሽም» ሲል፣ ሌላው «በእምነቱ የላላ መነኩሴ ምን አያደርግም» ይላል። ሁለቱም የሚቆሙት ሐሰት ምን እንደ ሆነ በታወቀና በተቈረጠ ፍቺ ላይ ነው። በክርስትና ሥነ ምግባር ታሪክ ግን እንዲህ ያለ አንድ ፍቺ አልነበረም፤ ከሁሉም ይልቅ ይህን የሚያስተምረን የተከሰሰው መጽሐፍ ራሱ ነው።

ዘርዐ ያዕቆብ በመጽሐፉ እንደሚተርከው በ1592 ዓመተ ምሕረት በአክሱም አጠገብ ከድኻ ገበሬ ተወለደ። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀብለው፣ በ1626 በደንቀዝ መኳንንቱና ካህናቱ ለሮም ሊቀ ጳጳስ እንዲምሉ ባደረጉበት ዘመን፣ እርሱ በአክሱም መጻሕፍትን ይተረጕም ነበር። በጕባኤው የሁለቱን ወገኖች ትርጓሜ ያቀርባል፤ ፈረንጆች የሚሉት ይህ ነው፣ ግብጻውያን የሚሉት ደግሞ ያ ነው ይላል፤ የትኛው እውነት እንደ ሆነ ግን ለደቀ መዛሙርቱ አይፈርድላቸውም። ይህም ከቶ አላዳነውም። እያንዳንዱ ወገን የሌላው ወገን ሰው አድርጎ ቈጠረው፤ ወልደ ዮሐንስ የሚባል ካህን ለንጉሥ ከሰሰው፤ እርሱም ዳዊቱን ይዞ ሸሸና በተከዜ አጠገብ በዋሻ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። በዋሻው ሆኖ መዝሙሩን ሲደግም ስለ ሰው ሁሉ ሐሰተኛነት የተነገረው ቃል ያዘው። ሰዎች እንዲህ ባለ ታላቅ ነገር፣ በእግዚአብሔር ስም፣ ስለ ምን ይዋሻሉ ብሎ ጠየቀ። የሰጠው መልስ አብዛኛው ሐሰት ከክፋት ሳይሆን ከስንፍና የሚወለድ መሆኑን የሚያሳይ ነው፤ ሰው መመርመር ያደክመዋል፤ ከአባቶቹ የሰማውን ሳይመረምር ይቀበላል፤ የተቀበለውንም እንደሚያውቀው አድርጎ ለሌላው ያስተላልፋል።

እጅግ የሚያስደንቀኝ ግን ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው። ዘርዐ ያዕቆብ ከዋሻው ወጥቶ ወደ እንፍራዝ ወረደ፤ ሀብቱ በሚባል ባለጠጋ ቤት ተቀመጠ፤ መጻሕፍት እየገለበጠ፣ የሀብቱን ልጆች እያስተማረ፣ ሒሩት የምትባል ሴት አግብቶ ኖረ። በዚያም ለሰዎች ክርስቲያን መስሎ ይታይ ነበር፤ በልቡ ግን ከአንዱ ፈጣሪ በቀር ባስተማሩት ነገር አያምንም ነበር። ይህንም አይሰውርም። ያልሆነውን መስሎ መታየቱ ኃጢአት ይሆንበት እንደ ሆነ ፈጣሪውን ይጠይቃል፤ ሰዎች መታለልን እንደሚወዱ፣ እውነቱን ቢነግራቸው እንደማይሰሙትና እንደሚያሳድዱት አስቦም ራሱን ያጽናናል። ስለ ሐሰት እንዲህ የመረመረ ሰው ስለ ራሱ መሸፋፈን የሰጠው ምክንያት ይህን ያህል አጭር መሆኑ አንባቢውን አያረካውም። እኔም ሳነበው፣ ራሱም አልረካም ብዬ አስባለሁ፤ የረካ ቢሆን ኖሮ ነገሩን በመጽሐፉ ባላነሣው ነበር።

ቋንቋችን በዚህ ነገር ከብዙ ቋንቋዎች የበለጠ ጥንቁቅ ነው። ሐሰትና ዕብለት ለፍርድና ለመሐላ የሚሆኑ ከባድ ቃላት ናቸው፤ ውሸት በየዕለቱ ይነገራል፤ ቅጥፈት ያልነበረን ነገር መፍጠር ነው፤ ሽንገላ በጣፋጭ ቃል ማታለል ነው፤ ማድበስበስ ደግሞ ሳይዋሹ እውነቱን ማደብዘዝ ነው። የዘርዐ ያዕቆብ የእንፍራዝ ኑሮ ከእነዚህ በየትኛው እንደሚመደብ ለመናገር ያስቸግራል፤ ማስመሰል ብንለው ይቀርበዋል። አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን በ1965 ሰምና ወርቅን አርእስት አድርጎ በጻፈው መጽሐፍ የአማራን ሕዝብ በአነጋገር ድርብነት የሚታወቅ አድርጎ አቀረበው። ነገር ግን በቅኔ ማኅሌት ሰምና ወርቅ የሚሰማ ሰው ወርቅ እንዳለ አስቀድሞ ያውቃል፤ ስለዚህ ማንም አልተታለለም። የሀብቱ ጎረቤቶች ግን ወርቅ እንዳለ አያውቁም ነበር።

የክርስትና አባቶች በዚህ ነጥብ ተለያይተዋል። በምዕራብ አውግስጢኖስ ስለ ሐሰት ሁለት መጻሕፍት ጻፈ፤ አንዱ በ395 ገደማ፣ ሁለተኛው በ420 ገደማ ነው። ሐሰትን በስምንት ዓይነት ከፍሎ፣ አንዱ ከሌላው የሚቀል ቢሆንም አንዱም ያልተፈቀደ ነው አለ። የዕብራውያን አዋላጆች ፈርዖንን በዋሹ ጊዜ እግዚአብሔር የከፈላቸው ስለ ርኅራኄያቸው እንጂ ስለ ሐሰታቸው አይደለም ብሎ ተረጐመ። የተጋስቴውን ጳጳስ ፊርሙስን አብነት አድርጎ ያቀርባል፤ የንጉሥ ሹማምንት የሚፈልጉትን ሰው ሸሽጎ ሳለ በተጠየቀ ጊዜ፣ ልዋሽም ላጋልጥም አልችልም ብሎ ሥቃይን ተቀበለ። ሁለተኛው መጽሐፍ ለእኛ ነገር ይበልጥ ይቀርባል፤ ቆንሰንጥዮስ የሚባል ሰው፣ ሃይማኖታቸውን የሚሸሽጉትን መናፍቃን ለመያዝ ከእነርሱ ወገን መስሎ መግባት ይፈቀዳልን ብሎ ለጠየቀው የተጻፈ መልስ ነው። አውግስጢኖስ አይፈቀድም አለ፤ ሐሰትን በሐሰት ማደን ሐሰትን ማብዛት ነውና።

በምሥራቅ ግን ዮሐንስ አፈወርቅ፣ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በስሙ የሚቀደስለት አባት፣ ስለ ክህነት የጻፈውን መጽሐፍ የሚጀምረው ወዳጁን ባስልዮስን እንዴት እንዳታለለው በመተረክ ነው። አብረን ሹመቱን እንቀበላለን ብሎ አሳምኖት፣ ባስልዮስ ሲሾም እርሱ ተሸሸገ። ወዳጁ ሲያለቅስ አፈወርቅ ይቅርታ አልጠየቀም፤ ሐኪም በሽተኛን፣ የጦር አለቃ ጠላትን እንደሚያታልል፣ ለመልካም ዓላማ የሆነ ማታለል ሊመሰገን ይገባዋል ብሎ ተከራከረ። እንግዲህ ዘርዐ ያዕቆብን በአውግስጢኖስ ፊት ብናቆመው ይፈረድበታል፤ በአፈወርቅ ፊት ብናቆመው ጥያቄው ማታለሉ የጠቀመው ማንን ነው ወደሚለው ይዞራል። ይህን ለሀብቱ ልጆች መልስ ብንተወው ይሻላል፤ ከእነርሱ አንዱ ወልደ ሕይወት ነበርና፣ መምህሩን በመጽሐፉ አመስግኖታል።

ነገሩ የመጻሕፍት ነገር ብቻ እንዳይመስል፣ አባ ጁስቶ ከቤተልሔም በወጡበት በዚያው በ1855 ዓመት የሆነውን ማስታወስ ያስፈልጋል። ጎጃሜው መነኩሴ አባ ገብረ ሚካኤል፣ ከኦርቶዶክስ ሊቅነት ወደ ካቶሊክ ሃይማኖት የተሻገሩት፣ ከአባ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ ደቀ መዛሙርት ጋር ተይዘው በአቡነ ሰላማና በንጉሡ ፊት ቀረቡ። የሚፈለግባቸው ጥቂት ቃል ነበር፤ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ያመኑትን ትቻለሁ ማለት ነበር። አላሉም። በሰንሰለት ታስረው ከሠራዊቱ ጋር እየተጎተቱ በዚያው ዓመት ሞቱ፤ በ1926 የሮም ቤተ ክርስቲያን ብፁዕ ብላ ሰየመቻቸው። አቡነ ማስያስ ደግሞ፣ የዚያው ሃይማኖት ጳጳስ ሆነው ሳለ፣ በዚያው ዘመን ስማቸውን ለውጠው፣ የነጋዴ ልብስ ለብሰው በአገራችን ያልፉ ነበር። ብፅዕናና መሸሸግ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር አብረው ኖረዋል፤ አባ ጁስቶም ሁለቱን በቅርብ ያውቁ ነበር።

አሁን ወደ መጽሐፉ ክስ እንመለስ። በሌላ ሰው ስም መጻፍ ሐሰት ነውን? ጥንታውያን በዚህም አልተስማሙም። ጠርጡልያኖስ እንደሚነግረን በእስያ አንድ ቄስ የጳውሎስን ሥራ የሚተርክ መጽሐፍ ደርሶ፣ በተያዘ ጊዜ ለጳውሎስ ካለኝ ፍቅር የተነሣ ነው ቢልም ከክህነቱ ተሻረ። በአምስተኛው መቶ ዓመት ግን የማርሴይ ቄስ ሳልቪያኖስ በጢሞቴዎስ ስም አንድ መጽሐፍ አውጥቶ፣ ጳጳሱ ሳሎንዮስ በጠየቀው ጊዜ ሳይፈራ መለሰለት፤ የጸሐፊው ስም ታናሽነት የመጽሐፉን ቃል እንዳያዋርደው ብዬ ነው አለ፤ አልተሻረም። በእኛም ዘንድ ለሐዋርያትና ለጥንት አባቶች የተሰጡ ቅዳሴያትና ድርሰቶች ብዙ ናቸው፤ የጻፏቸው ሰዎች ስማቸውን ያልገለጹት ለማጭበርበር ነው ብሎ የሚከስ የለም። ስለዚህ አባ ጁስቶ ሐተታውን ጽፈው ቢሆን እንኳ፣ ሥራው ከቄሱ ወይስ ከሳልቪያኖስ ጋር እንደሚመደብ መመርመር ይገባል። በእኔ አስተያየት አንድ ልዩነት ክሱን ያከብደዋል። ሳልቪያኖስ የጻፈው ለምእመናን ትምህርት ነው፤ ዳባዲ ግን መጽሐፉን የተቀበለው እንደ ምሁር፣ የአገራችን የታሪክ ማስረጃ አድርጎ ነው። ገንዘቡንና እምነቱን የሰጠ ወዳጅ ተታልሎ ከሆነ፣ ይህን ትሕትና ልንለው አንችልም።

ተታልሏልን? በድሮው የአገራችን ሥርዓት ወንጀል ሠሪው ሲጠፋ ሕዝቡ ለአውጫጭኝ ይሰበሰብ ነበር። ያየውን በግልጥ ለመናገር የሚፈራ ሰው ምሥጢሩን በስውር ያወጣል፤ ይህም ጠቋሚ «ወፍ» ይባላል። የወፍ ቃል ተጠርጣሪውን ለመያዝ ይረዳል እንጂ ብቻውን ለፍርድ አይበቃም፤ መጽሐፉም ሁለት ወይም ሦስት ምስክር ይፈልጋል። የኮንቲ ሮሲኒ ዋና ማስረጃ ካቶሊካዊው ካህን አባ ተክለ ሃይማኖት ዘአድዋ የጻፉት ቃል ነው። አባ ተክለ ሃይማኖት ስለ ቤተልሔሙ መጽሐፍ የጻፉት ሲነገር የሰሙትን ነው፤ ነገሩ ከሆነም ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ይህ የሰሚ ሰሚ ነው፤ ወፍ ብንለው ያስኬዳል። ከዚህ ላይ ያዕቆብ የሚለው ስም ከአባ ጁስቶ የልጅነት ስም ከያኮፖ ጋር መግጠሙ ይጨመራል። ያዕቆብ የሚባል ሰው ግን በአገራችን ስንት እንዳለ አንባቢ ያውቃል።

ከዚህ የሚከብድ ማስረጃ የለም ማለቴ ግን አይደለም። ከአባ ጁስቶ ቤተልሔም መቀመጥ በፊት መጻፉ የተረጋገጠ አንድም ቅጂ እስካሁን አልቀረበም፤ ይህን የመሰለ መጽሐፍ ሁለት መቶ ዓመት ያህል በማንም ሳይጠቀስ መቈየቱም የሚያሳስብ ነው። ስለ ኮንቲ ሮሲኒ ደግሞ፣ ኢጣልያ አገራችንን በወረረችበት በ1935 ዓመት ኢትዮጵያ በሥልጣኔ ለመራመድ የማትችል ናት የሚል ጽሑፍ ያወጣ ሰው መሆኑን እናውቃለን። ኢትዮጵያዊ እንዲህ ሊያስብ አይችልም የሚለው ግምት በ1920ው ፍርድ ውስጥ እንደ ነበረ አልጠራጠርም። ሆኖም ከሳሹ ቂመኛ መሆኑ ተከሳሹን ንጹሕ አያደርገውም፤ ይህን ለራሳችን ወገን መንገር ይከብዳል፤ እኔም ለተማሪዎቼ ስናገር ክፍሉ ዝም እንደሚል አይቻለሁ። ዘርዐ ያዕቆብን ስለምንወደው ብቻ ነበረ ማለት፣ እርሱ ራሱ በዋሻው የከሰሰው ስንፍና ነው።

እኔ በአሁኑ ጊዜ የማዘነብለው፣ በሐተታው ውስጥ የአባ ጁስቶ እጅ ከገልባጭ እጅ ይበልጣል ወደሚለው አሳብ ነው፤ ምን ያህል እንደሚበልጥ ግን አልወስንም። ይህንም ስል አንድ ነገር ይከነክነኛል። የመጽሐፉ ግዕዝ ዳዊትን በቃሉ የያዘ ሰው ግዕዝ ነው። አባ ጁስቶ ይህን ግዕዝ የተማሩት ከደብተሮች እግር ሥር ነው፤ ደርሰውት ቢሆን ከእነርሱ ጋር ደርሰውታል፤ ገልብጠውት ቢሆን በእነርሱ እጅ አልፏል። ክርክሩ አንድ የአክሱም ፈላስፋንና አንድ የኢጣልያ መነኩሴን እያፋጠጠ መቶ ዓመት ሲቆይ፣ ነገሩን በዓይናቸው ያዩትን የቤተልሔም ሰዎች በጊዜው ማንም ጠርቶ አልመሰከረባቸውም። እውነቱን ቢያውቁም፣ ጳጳሱ በሚከሷቸውና ንጉሡ ባባረሯቸው መነኩሴ ቤት መጽሐፍ ጽፈናል ብለው ለመናገር በ1855 ማን ይደፍር ነበር? የእነርሱም ዝምታ ከዘርዐ ያዕቆብ ዝምታ ጋር የሚመሳሰል ነው።

የቀረው ሥራ የሚሠራው በፓሪስ አይደለም። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አድባራት ዕቃ ቤቶች ያሉት መጻሕፍት በዚያ ዘመን ማን እንደ ገለበጣቸው በየኅዳጋቸው የተጻፈ ስምና ማስታወሻ አላቸው፤ ያንን የእጅ ጽሕፈት በ215 ቍጥር ከተመዘገበው ብራና ጋር አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ማየት ይቻላል። የፓሪሱ ቅጂ ፎቶግራፍ ዛሬ በሩቅ ላለ ሰው እንኳ የሚገኝ ሲሆን፣ የአድባራቱ ግን ገና በሣጥናቸው ናቸው።